ዶፓሚን፣ የግንባር አንጎልና ምርቃና

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባው ታናሽ ወንድሜ ከአጋማሽ ፈተናው በፊት ደውሎ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ጫት ለጥናት ይረዳል የሚባለው እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከእኔ የመጣ ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስማር ለፈተና ስቅም አይቷል፤ ፈተናዎቹን ማለፌንም ያውቃል። «ነገ እደውልልሃለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በዚያው ሳምንት ለመመረቂያ ጽሑፌ የማነበው ስለ ዶፓሚንና ስለ ግንባር አንጎል የነርቭ ሴሎች ነበር። መልሱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር ማለት ይቻላል፤ ለራሴ ግን ገና አልነገርሁትም።

በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የነርቭ ሴሎች ዶፓሚን እንዲለቁ ያደርጋል። የተለቀቀው ዶፓሚን በሌሎች ሴሎች ላይ ካሉ ተቀባዮች ጋር ሲገናኝ የእነዚያን ሴሎች አሠራር ይለውጣል። ዶፓሚን ለማሰብ አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም። እ.ኤ.አ. በ1979 ብሮዞስኪና ባልደረቦቹ በሪሰስ ጦጣዎች የግንባር አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንዲሟጠጥ ሲያደርጉ፣ በማስታወስ ሥራ ላይ የታየው ጉዳት ያ የአንጎል ክፍል በቀዶ ጥገና ሲወጣ ከሚደርሰው ጋር የሚቀራረብ ሆነ። ከዚህ ተነሥቶ «ማነሱ ከጎዳ መብዛቱ ይጠቅማል» ማለት ይቀላል። እኔም ስቅም የኖርሁት በዚህ እምነት ነው።

ተከታዮቹ ጥናቶች ግን እምነቴን አልደገፉም። በአንድ የታወቀ ሙከራ ጦጣዋ የስክሪኑን መሐል እያየች ሳለ በአንድ በኩል ብርሃን ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ጥቂት ሰከንዶች ከጠበቀች በኋላ ዓይኗን ብርሃኑ ወደነበረበት ቦታ ማዞር አለባት። በመጠበቂያው ጊዜ ከፊቷ ምልክት የለም፤ ቦታውን ይዘው የሚቆዩት ያለማቋረጥ ምት የሚልኩት የግንባር አንጎል ሴሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ዊሊያምስና ጎልድማን-ራኪክ ዲ1 የተባሉትን የዶፓሚን ተቀባዮች በመጠኑ ሲዘጉ ይህ ምት ጎልቶ ወጣ፤ አብዝተው ሲዘጉ ግን ተዳከመ። በ2007 ደግሞ ቪጃያራጋቫንና ባልደረቦቹ እነዚህኑ ተቀባዮች አነቃቁ። ልከኛው ማነቃቂያ ሴሉ ለማይመለከተው አቅጣጫ የሚሰጠውን ምት ቀነሰ፤ የበዛው ግን የሚመለከተውንም ጭምር ዝም አሰኘ።

ውሳኔን በሚመለከት የኦትና የባልደረቦቹ የ2014 ጥናት ሌላ ነገር ይጨምራል። ጦጣዎቹ የነጥቦችን ብዛት አነጻጽረው «የበለጠ» ወይም «ያነሰ» በሚል ሕግ መወሰን ነበረባቸው። ዲ1 ሲነቃቃ የሴሎቹ ምት በጥቅሉ ቀንሶ አጥብቀው ለሚመልሱለት ሕግ የሚሰጡት ምላሽ ከፍ አለ። ዲ2 ሲነቃቃ ምቱ በጥቅሉ ጨምሮ ለሌላው ሕግ የሚሰጡት ምላሽ ዝቅ አለ። መንገዱ ቢለያይም በሁለቱም የጎላው በሕጎቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሴሎቹ ለውሳኔ የሚጠቅሙት ሁሉንም ነገር አጉልተው ሲናገሩ ሳይሆን አንዱን ከሌላው ሲለዩ ነው።

ይህን ሳነብ አንድ ሌሊት ትዝ አለኝ። ከሁለት የጥናት ርእሶች አንዱን ለመምረጥ ቅሜ ያደርሁበት ሌሊት ነው። በምርቃናው ሰዓት ሁለቱም ርእሶች ድንቅ ነበሩ፤ ስለ ሁለቱም ገጽ በገጽ ላይ ጻፍሁ። ሲነጋ የተጻፈ ብዙ ነበር፤ የተመረጠ ግን አልነበረም።

በእርግጥ በቀጭን የመስታወት ቧንቧ ጥቂት ሴሎች ዘንድ የሚደርስ መድኃኒትና መላ አካልን የሚያዳርስ ካቲኖን አንድ አይደሉም። የእኔ ሌሊትም ለእነዚያ ግኝቶች ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን «በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚለው እምነቴ መሠረት እንደሌለው ለማወቅ ያነበብሁት በቂ ነበር።

በማግስቱ ደወልሁለት። «እንቅልፍ ማባረሩ እውነት ነው» አልሁት፤ «ነቅቶ ማደርና አጥርቶ ማሰብ ግን ይለያያሉ። ያለፍሁት በመቃሜ ነው ብዬ ልነግርህ አልችልም።» ጥቂት ዝም አለና፣ «አንተስ ትተሃል?» አለኝ። «ከትናንት ጀምሮ አልቃምሁም» አልሁት። አንድ ቀን ለማስረጃ እንደማይበቃ ሁለታችንም እናውቃለን።