ጋሎን፣ ጀሪካን እና የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ

ልጄ ሰሞኑን ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣችው የቤት ሥራ እስካሁን ያንገበግበኛል። ካፕ፣ ፓይንት፣ ኳርት፣ ጋሎን፤ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩ ይላል። እንዳይረሱት ደግሞ ሰውዬ ተስሎላቸዋል፦ ሆዱ ጋሎን፣ እጅና እግሩ 4 ኳርት፣ በየኳርቱ ጫፍ 2 ፓይንት፣ በየፓይንቱ 2 ካፕ። ሲደመር 16 ካፕ። አሜሪካ እንዲህ ናት!

እኛ ጋ እኮ በ1000 ማባዛት ወይ ማካፈል ነው፤ አለቀ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሆነ፣ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ከቦኖ ያመላለሰ ልጅ ክብደቱን ወገቡ ያውቀዋል። እዚህ አንድ ጋሎን ውሃ 8 ፓውንድ ከምናምን ነው። እነሱም ቢሆኑ አይጸኑበትም፤ ወተቱን በጋሎን፣ ኮካውን በ2 ሊትር ይሸጡላችኋል።

ይህንኑ ለአስተማሪዋ ልነግራት ክፍሉ ድረስ ሄድኩ። ልጆቹ ከየቤታቸው ዕቃ አምጥተዋል፤ የእኛዎቹ ጀበናና ብርሌ ናቸው። መጀመሪያ በዓይናቸው ገምተው ደረደሩ፤ ከዚያ በትንሽ ኩባያ እየቆጠሩ ሞሏቸው። አንዱ ልጅ ከድስት ወደ ቀጭን ብርጭቆ የተገለበጠው ውሃ «ጨመረ» ብሎ ሙጭጭ አለ። ስዊዛዊው ዣን ፒያዤ ያጠናው ይህንኑ ነው፤ ሰባት ዓመት ገደማ እስኪሆናቸው ድረስ ልጆች ከፍ ብሎ የታያቸውን ብዙ ይሉታል። አስተማሪዋ አላረመችውም። «እስቲ መልሰህ ገልብጠው» አለችው። ገለበጠው፤ ድስቱን ትኩር ብሎ አየና ዝም አለ።

እኔ «1 ሊትር 1000 ሚሊ ሊትር ነው» የሚለውን በዜማ ነው ያጠናሁት፤ ክፍላችን ውስጥ ውሃ ሲገለበጥ ትዝ አይለኝም። አዲስ አበባ የምታስተምረው እህቴ ስነግራት ሳቀች፦ «ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር?» እውነቷን ነው። ግን ደግሞ የእሷ ተማሪዎች ስንት ሃይላንድ ባልዲውን፣ ስንት ባልዲ ጀሪካኑን እንደሚሞላ ሰልፍ ላይ ተምረውታል። «ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» እያለ የሚተርት ሕዝብ ዕቃ መደርደር አይጠፋውም።

ቢሆንም መገልበጡ ሳይጥመኝ አልቀረም። ለቅዳሜው የአማርኛ ትምህርታችን ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ በሊትር ይሁን እንጂ። ስለ ምንጣፉ የተጨነቁ ስላሉ ውጪ ሣሩ ላይ ይሆናል። የቸገረን ጀሪካኑ ነው፤ እዚህ የሚገኘው ባለ 5 ጋሎን ነው፣ እሱ ደግሞ 20 ሊትር ሊሞላ አንድ ሊትር ገደማ ይጎድለዋል።