የሦስተኛው ሲሊንደር ምስክርነት

ባለፈው ክረምት በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት ከሚኖረው ከእኅቴ ልጅ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ሙያው የመኪና ጥገና ነው፤ ነገር ግን ከሥራው የተረፈውን ጊዜ ኹሉ ስድስት ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ አይሮፕላን ሲሠራበት ኖረ። በዚያ አገር ሕግ አንድ ሰው ለትምህርቱና ለደስታው ብሎ የሥራውን አብላጫ ክፍል ራሱ ከፈጸመ፣ መንግሥት መርምሮ የመብረሪያ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ዳሩ ግን የሙከራው ሰዓት እስኪሞላ ድረስ መንገደኛ አያሳፍርበትም። ለእርሱ የተወሰነለት 40 ሰዓት ሲኾን፣ እኔ በደረስኹ ጊዜ 29ኙን ፈጽሞ ነበር። ሰዓቱ ሲሞላ በመጀመሪያ የምትሳፈረው እናቱ ናት፤ እርስዋም ለዚሁ ብላ ከአዲስ አበባ መጥታለች። እንግዲህ ነገሩ ከሥጋዬ የራቀ እንዳልነበረ አንባቢ ይረዳልኝ።

አንድ ቀን አይሮፕላኑ ወደሚቆምበት አዳራሽ ወስዶ በበረራ ጊዜ የተመዘገበውን አሳየኝ። ከአራቱ ሲሊንደሮች የሚወጣውን ጭስ ሙቀት የሚናገሩ አራት ቍጥሮች አሉ። ሦስቱ በ1,380 ፋራናይት፣ ማለት በ750 ሴንቲግሬድ አጠገብ ረግተው ሲቆዩ፣ የሦስተኛው ሲሊንደር ቍጥር ግን እንደ ፌንጣ ወደ 1,600 ይዘላል፤ ወዲያው ይጠፋል፤ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ወደ ሰሌዳው ብመለከት ያ ቍጥር የሚታይበት ስፍራ በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኗል።

«ይኽ ምንድር ነው?» አልኹት።

«ጋሼ፣ ውሸታም ስለ ኾነ ሸፈንኹት። ዐይኔን ይሰርቀኛል።»

«ውሸታሙ ማን ነው? መለኪያው ነው፣ ሽቦው ነው፣ ወይስ ሞተሩ እውነቱን እየተናገረ ነው?» ብለው ዝም አለ።

የመሣሪያውን ነገር ካስረዳኝ የገባኝን ያኽል ልጻፍ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1821 ዓመት ዜቤክ የተባለ ሊቅ ኹለት ልዩ ልዩ ማዕድናት በኹለት ጫፍ ተጋጥመው አንዱ ጫፍ ሲግል በአጠገባቸው ያለ የኮምፓስ መርፌ እንደሚዞር አየ። ዛሬ በጭስ ማውጫው ውስጥ የሚገባው መለኪያ ከዚያ የተወለደ ነው፤ አንዱ ሽቦ ኒኬልና ክሮሚየም፣ ኹለተኛው በአብዛኛው ኒኬል ኾኖ ጥቂት አሉሚኒየም ያለበት ነው። ለአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያፈልቀው ኀይል ወደ 41 የሚሊዮንኛ ቮልት ብቻ ነው። 750 ዲግሪ ሲደርስ እንኳ ከ31 ሺኛ ቮልት እጅግም አያልፍም። ይኽን የመሰለ ቀጭን ድምፅ ጥቂት ዝገት ወይም የላላ ማያያዣ ያጠፋዋል። ሽቦው ቢያጥር እንኳ በተራ መዳብ አይቀጠልም፤ በዚያው በራሱ ዐይነት ሽቦ ነው እንጂ፤ አለዚያ መጋጠሚያው በሞቀና በቀዘቀዘ መጠን ቍጥሩ ይሳሳታል። ደግሞም በአሜሪካኖች ሥርዐት የዚህ መለኪያ ቀይ ሽቦ ኔጋቲቭ፣ ቢጫው ፖዘቲቭ ነው። በመኪና ቀይ ፖዘቲቭ እንደ ኾነ የለመደ ሰው እንዲሳሳት ኾን ተብሎ የተደነገገ ይመስላል።

አዲስ መለኪያ ገዝቶ በጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነበርና ሊለውጥ ተነሣ። በቅኔ ቤት ሳለኹ ቅኔዬ ሲያነክስብኝ ቶሎ ብዬ አንዱን ቃል ጥዬ ሌላ አመጣ ነበር፤ መምህሬም «ቃሉን ሳትጥል በሌላ ቤት አስገብተህ ስማው» ይሉኝ ነበር። ይኽን ብነግረው ሣቀና «እኛም እንዲሁ እናደርጋለን፤ ስቸኩል ረሳኹት» አለ።

በመጀመሪያ ሞተሩን መረመረ። የዚያው የሦስተኛው ሲሊንደር ራስ ሙቀት በመዝገቡ ላይ ንቅንቅ አላለም፤ ድምፁም አልተለወጠም። ደግሞም በብረት ሽፋን ውስጥ ያለ መለኪያ በዐይን ጥቅሻ 200 ዲግሪ ግሎ ሊበርድ አይችልም። ስለዚህ ዝላዩ የእሳት አለመኾኑ ታወቀ። ቀጥሎ የሦስተኛውንና የአንደኛውን መለኪያ አለዋውጦ ሞተሩን አስነሣ፤ አኹንም የዘለለው ሦስተኛው ነው። መለኪያው ነጻ ወጣ፤ የአዲሱም ገንዘብ በከንቱ ወጣ። ከዚያ በሰሌዳው ጀርባ የኹለቱን ሽቦ አለዋወጠ፤ ዝላዩ ወደ አንደኛው ቍጥር ተሻገረ። እንግዲህ ጥፋቱ በሽቦው መንገድ ላይ ነው። እኔ ሰሌዳውን ስመለከት እርሱ ሽቦውን ከሞተሩ ጀምሮ በጣቱ እያነቃነቀ መጣ። ከእሳት መከላከያው ግድግዳ አጠገብ ሲደርስ «ዘለለ!» ብዬ ጮኽኹ። ቅጥያው በፒንሳ ሲጨመቅ ከሽቦው ክሮች የያዙት ኹለት ብቻ ነበሩ። ስድስት ዓመት ከለፋበት ሥራ ይኽ የደቂቃ ሥራ ነበረ። ፊቱ ቀላ፤ የጨመቀው እርሱ ራሱ ነውና።

ፕላስተሩን ልጦ ጣለ፤ ቍጥሩም ረጋ።

40ው ሰዓት ተፈጽሞ እኅቴ ነጠላዋን አጣፍታ በቀኙ ወንበር በተቀመጠች ዕለት፣ ከመነሣቱ በፊት እንደ ሥርዐቱ ኹለቱን የእሳት ማቀጣጠያዎች ተራ በተራ እያጠፋ ፈተነ። አንዱ ሲጠፋ በየሲሊንደሩ የጭሱ ሙቀት ከፍ ሊል ይገባል። ሦስቱ ከፍ አሉ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር ግን ወረደ። ሞተሩም ጥቂት ተንገጫገጨ። እኔ በውጭ ቆሜ አፉ ሲንቀሳቀስ አየኹ፤ በኋላ እንደ ነገረኝ «ደግሞ ያ ሽቦ» ሊል ነበር። ነገር ግን ቍጥሩ አልዘለለም፤ በዝግታ ወረደና በዚያው ቆየ። ሞተሩን አጠፋ፤ እናቱን በእጅዋ ይዞ አወረዳት።

ካንዴላውን ፈትቶ በመዳፌ አኖረልኝ። በአይሮፕላን ቤንዚን ውስጥ ያለው እርሳስ እንደ ዶቃ ተጠራቅሞ አፉን ዘግቶታል። እኅቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ «ታዲያ ዛሬ አንበርም?» አለች።

«ነገ፣ እማዬ» አላትና ሌሎቹን ሰባቱን ይፈታ ዠመር።