ጋቢው ሲረጥብ



የፎገራ ልጅ ብርድ አያውቅም ይባላል። በተለይ የደብረ ታቦር ዘመዶቻችን ይህን ደጋግመው ይነግሩናል፤ ለነሱ ወረታ ማለት ሙቀት፣ ትንኝና ወባ ነው። ከፊሉ እውነት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ሚያዝያ ላይ ጥላ ፍለጋ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ነው የምንሄደው። ነገር ግን ሐምሌና ነሐሴ፣ ርብና ጉማራ ሞልተው፣ ሜዳው በሩዝና በውኃ ተሸፍኖ፣ ከጣና በኩል ነፋስ ሲነሳ ኳስ ሜዳ ዳር ሁለት ሰዓት የቆመ ሰው ሌላ ነገር ይነግራችኋል። የደብረ ታቦር ብርድ የከፍታ ብርድ ነው። የኛ የውኃ ብርድ ነው። የሁለቱ ልብስ አንድ አይደለም፤ ዛሬ ልናወራ የፈለግነውም ስለዚሁ ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የክረምት ዋንጫ ይጀመራል። ሰፈር ከሰፈር፣ አንዳንዴም ከገጠር ቀበሌ ከመጣ ቡድን ጋር። ዐስር ተሰግዶ ጨዋታው ይጀመራል፣ መግሪብ ሲቃረብ ያልቃል። ዝናቡ ደግሞ ከሰዓት በኋላ መምጣት ይወዳል፤ ከኛ ፕሮግራም ጋር የተማከረ ይመስላል። ጣሪያ የለም፣ ወንበር የለም። መረሬው አፈር ጫማ ከያዘ አይለቅም። ከፊት ያለው ጃንጥላ ሲዘረጋ ከኋላ ያለው "አውርድልን እንጂ ወንድም!" ይላል፤ በመጨረሻ ሁሉም አውርዶ አብሮ ይረጥባል።

ልጁ ምን ለብሶ ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ፣ ከላይ አንድ ወፍራም ጃኬት። ወይም የአባቱን ጋቢ። ረፍዶበት ስለሚሮጥ ሜዳው ሲደርስ አልቦታል፤ ጃኬቱ ላቡን አፍኖ ይይዘዋል። ከዚያ ዘጠና ደቂቃ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዝናቡ ከውጭ፣ ላቡ ከውስጥ፤ ያ ወፍራም ጃኬት መሀል ላይ ሆኖ ምንም አልሠራም።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ልብስ ራሱ ሙቀት አያመነጭም። የሚሞቀው ሰውነታችን ነው፤ የልብስ ሥራ በክሮቹና በድርቦቹ መካከል አየር ይዞ ያ ሙቀት እንዳይሸሽ ማድረግ ነው። አየሩ ቦታውን ለውኃ ሲለቅ ሁሉ ነገር ይገለበጣል፤ ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በበለጠ ፍጥነት ያሳልፋል። በዚያ ላይ እርጥብ ልብስ ነፋስ ሲያገኘው ይተናል፣ ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት ደግሞ ከገላችን ይወስዳል። እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። እርጥብ ካናቴራ ለብሶ ነፋስ ላይ የቆመ ልጅ ራሱን እንስራ አድርጓል ማለት ነው።

ድርብርብን አባቶቻችን ከኛ በፊት ያውቁታል። ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢ ብለን የምንጠራቸው በድርባቸው ነው፤ ኩታ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት። ጋቢ የሚያሞቀው በአራቱ ድርቦች መካከል በሚይዘው አየር ነው። ግን ጥጥ ነው። ጥጥ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ለመድረቅም ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ጋቢ የደረቅ ብርድ ልብስ ነው፤ ለጥር ማለዳና ለቤት ውስጥ ማታ የሚስተካከለው የለም። ለክረምት ሜዳ ግን አይሆንም። የደጋ እረኛ ይህን ስለሚያውቅ ሱፍ ይደርባል፣ ከላዩ ከሣር የተጎነጎነ ገሳ ይጥላል። ገሳው ውኃውን ያንሸራትታል፣ ሱፉ ሙቀቱን ይይዛል። ሱፍ ከክብደቱ 30 በመቶ ያህል እርጥበት ወስዶ እንኳ ገላ ላይ እርጥብ አይመስልም። ሱረቱ ነሕል 5ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ከእንስሳት የምናገኘውን ጥቅም ሲዘረዝር ከምግቡ በፊት ሙቀቱን ማስቀደሙን ያስተዋለ ያስተውላል። በውጭ አገር ተራራ ወጪዎች ሦስት ድርብ እያሉ በውድ ዋጋ የሚገዙት ልብስም ከዚህ እረኛ አለባበስ ብዙም የራቀ አይደለም።

እኛ ታዲያ በምን ገንዘብ? እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ቤት ውስጥ አለ፤ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው።

ገላችሁን የሚነካው ማልያ ይሁን። አዎ፣ የኳስ ማልያ። በተለይ ፋሲል ከነማ የ2013ቱን የሊግ ዋንጫ ካነሳ ወዲህ ማልያ ያልገዛ ጓደኛ የለንም፤ ባሕር ዳር ከነማን የሚደግፈውም የራሱ አለው። ሁሉም ግን እንዲታይለት ከላይ ነው የሚለብሰው፣ ከጥጥ ካናቴራ በላይ። ማልያ ፖሊስተር ነው፤ ውኃ አይጠጣም፣ ላቡን ወደ ውጭ ያሳልፋል፣ ቶሎ ይደርቃል። ቦታው ገላ ላይ ነው። "ታዲያ ቡድናችን በምን ይታወቃል?" ብሎ የጠየቀን ነበር። በጩኸታችን ይታወቃል፣ ሌላ ምን አለን?

ከማልያው በላይ ሱፍ። ከልባሽ ጨርቅ ተራ የሱፍ ሹራብ ፈልጉ፤ ትንሽ ቢያሳክክም ከማልያ በላይ ስለሆነ አይሰማችሁም። ሻጩ "ንጹሕ ሱፍ ነው" ቢል ወዲያው አትመኑት፤ ከጫፉ አንድ የተላቀቀ ክር ለምኑና በክብሪት ለኩሱ። ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቃል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ሱፍ ከጠፋ ያ ፀጉራሙ የፖሊስተር ሹራብም ደህና ነው። ከጥጥ ይሻላል፣ ሁልጊዜ።

ከላይ ደግሞ ላስቲክ። ሩዝ አራሚዎች ዝናብ ሲመጣ ትከሻቸው ላይ የሚጥሉት ዓይነት ላስቲክ ከብዙ ውድ ጃኬት ይበልጣል። ብቻ አንገቱና ብብቱ አካባቢ አየር ይግባበት፤ አለዚያ በላባችሁ ትረጥባላችሁ። ወደ ሜዳ ስትሄዱም ሹራቡን በፌስታል ቋጥራችሁ ያዙት። መንገድ ላይ ትንሽ ብርድ ይሰማችሁ፤ ደርሳችሁ፣ ላባችሁ ደርቆ፣ ያኔ ደርቡት። ከሁሉ ይህች ትንሽ ነገር ናት ለሰው የምትከብደው።

እህቶቻችን ከኛ የበለጠ ይቸገራሉ። የጅልባብ ጫፍ መረሬው ላይ ይጎተታል፣ ውኃውን እየሳበ እስከ ጉልበት ይወጣል። የጥጥ ሒጃብ አንገት ላይ ከረጠበ ሙሉ ሰውነት ይበርደዋል። የሚጎተተውን የጅልባብ ጫፍ ከቦት ጫማው አፍ በታች እንዳይወርድ አድርጎ ማሳጠር፣ ከስር ሱሪና ረጅም ካልሲ መደረብ፣ መቀየሪያ ሒጃብ በፌስታል መያዝ ብዙ ይለውጣል። ስለ ካልሲ ካነሳን፦ ዉዱእ አድርገን ካልሲና ቦት ከለበስን በክረምት ትልቅ እፎይታ የሚሰጥ የመስሕ ፈቃድ አለ፤ ለነዋሪ አንድ ቀንና ሌሊት፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ። በየትኛው ካልሲ ላይ ይቻላል የሚለው ዑለሞች የተለያዩበት ስለሆነ የመስጂዳችሁን ኢማም ጠይቁ።

አሁን ይህን ሁሉ እንድንጽፍ ያደረገን ነገር። ባለፈው ክረምት የአንድ ሰፈር ቡድን ተቀያሪ፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሙሉ ጨዋታውን ዳር ላይ ተቀምጦ በዝናብ ተመታ። የሚሮጠው ተጫዋች ይሞቀዋል፤ ተቀያሪው ነው የሚበርደው። ጨዋታው ሲያልቅ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ የጫማውን ክር መፍታት አቃተው፣ ሲያናግሩት ምላሱ ይተሳሰራል። ዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ "ወባ ተነሳበት" አለ። ፎገራ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ ወባ ነው። አንድ በጤና ሙያ የሚሠሩ ጋሼ ግን እርጥቡን ልብስ አስወለቁት፣ ደረቅ ሹራብ አለበሱት፣ ከነፋስ ከለሉት፣ ስኳር የበዛበት ሞቅ ያለ ሻይ በትንሽ በትንሹ አጠጡት። እየቆየ መንቀጥቀጡ ቆመ፣ ንግግሩም ተስተካከለ። አልሐምዱሊላህ። በማግስቱ የወባ ምርመራም አደረገ፤ የለበትም ተባለ።

ጋሼ ያኔ የነገሩን እንዲህ ነው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከወረደ አደጋ ነው፤ በረዶ ባይኖርም፣ በዝናብና በነፋስ ብቻ ሊደርስ ይችላል። መንቀጥቀጥ ሰውነት እየታገለ መሆኑን ያሳያል። ልጁ ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ከቆመና ከፈዘዘ ያኔ ነው የሚያስፈራው፤ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። "ብርድ ነው" ብሎ ወባን መናቅ ደግሞ ሌላ ሞት ነው፤ ትኩሳት ወይም ራስ ምታት ካለ ሳይውል ሳያድር መመርመር።

የከፍታ ነገር ሲጨመርበት ይብሳል። ደብረ ታቦር ለጨዋታ ስንወጣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው ግን ወደ 900 ሜትር ይጨምራል። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ ከወረታ ይልቅ ስድስት ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ አየር ነው የሚጠብቀን። ከጨዋታ በኋላ ረጥቦ በክፍት አይሱዙ መመለስ፣ ያውም በማታ ነፋስ፣ ከጨዋታው የከፋ ነው።

ግንቦት 14 ቀን 2013 በቻይና ጋንሱ ግዛት የሆነውን አንርሳ። 100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ነበር፣ 172 ሯጮች ተሰልፈዋል። ብዙዎቹ በቁምጣና በስስ ካናቴራ ወጡ። ተራራው ላይ ሳሉ ነፋስ፣ በረዶና ቀዝቃዛ ዝናብ ወረደባቸው። ነፋስ መከላከያ ጃኬት መያዝ ግዴታ አልነበረም። 21 ሰው ሞተ፤ ከአገሪቱ ስመ ጥር የረጅም ርቀት ሯጮች አንዱ የነበረው ሊያንግ ጂንግ ጭምር። ጉልበት አላጠራቸውም፣ ሱብሓነላህ፣ ከኛ መካከል ከነሱ ግማሽ የሚሮጥ የለም። ስድስቱን ያተረፈ ዡ ኬሚንግ የሚባል እረኛ ነው፤ ዋሻ ውስጥ እሳት አንድዶ፣ ያስቀመጠውን ብርድ ልብስ አልብሶ።

ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ነገር ጀምረናል። ከተቀያሪዎቹ አጠገብ አፉ የታሰረ ማዳበሪያ ይቀመጣል፣ ውስጡ በላስቲክ የተጠቀለሉ ደረቅ ሹራቦች። የረጠበ ልጅ ለብሶ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ጨዋታ አጥቦ ይመልሳል። እስካሁን አራት ሹራብ አለን፤ አንድ ቡድን ደግሞ ከነተቀያሪው ከአሥራ አራት ያላነሰ ልጅ ይዞ ይመጣል። ያረጀም ቢሆን ያልተቀደደ የሱፍ ሹራብ ያለው ሰው ከዐስር በኋላ ሜዳው ዳር ያገኘናል።