የተሸሸገ ቍስል

ወንድ ልጅ ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ንግግሩ እንደሚያጥር ያላየ ወላጅ የለም። ትናንት ከትምህርት ቤት ሲመለስ የቀኑን ውሎ አንድም ሳያስቀር ይተርክ የነበረው ልጅ፣ ዛሬ «እንዴት ዋልክ?» ሲሉት «ደኅና» ይላል፤ «ምን ሆነሃል?» ሲሉት «ምንም» ይላል። በመምህርነት ሥራችን እንዲህ ያሉ ልጆችን በየዓመቱ ብናይም፣ በገዛ ቤታችን ሲደርስ ግን እንግዳ ነገር ሆኖብን ነበር። ዛሬ የምንጽፈው ከባለቤታችን አፍ የሰማነውንና በዐይናችን ያየነውን ነው፤ ምናልባት ለሌላው ቤት ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን።

የምንኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል በሰሚት፣ ከኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች በአንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወንዶች ልጆቻችን ሁለት ናቸው፤ ታላቁ 16፣ ታናሹ 14 ዓመቱ ነው። ድመት ከቤት፣ ውሻ ከደጅ መሆኑ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ዳሩ ግን በፎቅ ቤት ደጅ የሚባለው የሁሉም የጋራ ነው። ስለዚህ ታናሹ ልጅ ከአንድ የሕንፃ ሥራ ቦታ ቡችላ አንሥቶ ባመጣ ጊዜ፣ እናቱ «ይህ ደግሞ ከየት ሊያድር ነው?» አለች። ልጁም ጎረቤቱን ሁሉ ለምኖ፣ ከግቢው የጥበቃ ቤት አጠገብ በጣውላና በቆርቆሮ መጠለያ ሠራለት፤ ስሙንም ቡቺ አለው።

እኛም ለውሻ እምብዛም ፍቅር አልነበረንም። በልጅነታችን የቆሎ ተማሪ ሆነን፣ አኩፋዳ አንግተን በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል፣ ከባለቤቱ እጅ ቍራሹ ከመድረሱ በፊት የሚደርሰን የውሻው ጥርስ ነበር። በግራ እግራችን ላይ ያለው ጠባሳ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ይሁን እንጂ የውሻን ታማኝነት አንክድም፤ በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ለመንገድ በተነሣ ጊዜ ውሻው አብሮት እንደ ሄደ ተጽፏልና።

እናቱ በመጀመሪያ በቡቺ ትቀና ነበር። አንድ ምሽት ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ፣ ልጇ ከመጠለያው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ በሒሳብ ፈተና እንደ ወደቀ፣ ጓደኞቹም እንደ ሣቁበት ለውሻው ሲያወራ ሰማች። ድምፅ ሳታሰማ ወደ ላይ ተመልሳ፣ «የወለድኩት እኔ፣ ምሥጢሩን የሚሰማው ግን ቡቺ ሆነ» ብላ አዘነች። ቈይታ ግን «ለማንም ከማይናገር ለውሻ መናገሩ ይሻላል» አለች። ደግሞም ከራሱ ምሳ ቀንሶ ሲያበላው፣ በዝናብ ወርዶ መጠለያውን ሲጠግን አይታ፣ ምክራችን ያላስተማረውን ኀላፊነት ውሻው እንዳስተማረው መሰከረች።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጥፋት የእኛ ነው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው መከተብ ነበረበት። ልጁ ሁለት ጊዜ አሳሰበን፤ እኛም አንድ ጊዜ በፈተና እርማት፣ አንድ ጊዜ በደመወዝ ማለቅ እያመካኘን «በሚመጣው ሳምንት» አልነው። ሳምንቱ ወር፣ ወሩም ወራት ሆነ።

አንድ ቅዳሜ እናቱ ልብስ ስታጥብ በልጁ ካልሲ ላይ የደረቀ ደም አየች። ጠርታ ሱሪውን ሰብስብ ብትለው፣ ከቍርጭምጭሚቱ በላይ የጥርስ ምልክት ታየ። ከአራት ቀን በፊት ቡቺ ከሌላ ውሻ ጋር ሲጣላ ሊገላግል ገብቶ፣ ቡቺ ራሱ ነክሶት ኖሯል። «ስለ ምን አልነገርከንም?» ስትለው፣ «እማዬ፣ ብነግራችሁ ቡቺን ታስገድሉታላችሁ ብዬ ነው» አለ።

ይህን በሰማን ጊዜ ጉልበታችን ራደ። የእብድ ውሻ በሽታ ምን እንደ ሆነ ለተማሪዎቻችን የምናስተምር እኛው ነንና። ተሕዋሲው በታመመው እንስሳ ምራቅ ይተላለፋል፤ በንክሻ ወይም በተቧጨረ ቈዳ ገብቶ በነርቭ መንገድ ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ይታያል፤ ከታየ በኋላ ግን የሚድን የለም ማለት ይቻላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው ከመቶው እስከ 99 እጅ የሚመጣው በውሻ ነው። አብደዋል ተብለው በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱትም ሰዎች ከመቶው 40 እጅ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ተሕዋሲው ገና በመንገድ ሳለ ግን ክትባት ሊቀድመው ይችላል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም.፣ ባበደ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን ከትቦ ልጁ ተርፏል። በከተማችን በጉለሌ ያለውን የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» ሲል የሚጠራው በዚሁ ሰው ስም ነው።

ወዲያው ቍስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብነው፤ ይህ በተነከሰበት ሰዓት ቢደረግ ይበልጥ በጠቀመ ነበር። አንዲት ደግ ጎረቤት ቅጠል ቀጥቅጠው ሊያስሩለት ፈለጉ፤ አመስግነን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ጠበል መጠጣቱን የሚከለክል የለም፤ ክትባቱ ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። ሐኪሙም ሳይቈጣ፣ ዘግይቶም ቢሆን ክትባቱ እንዲጀመር፣ ውሻውም ሳይገደል ታስሮ ከነከሰበት ቀን ጀምሮ ዐሥር ቀን እንዲጠበቅ አዘዘ። ውሻው በዚህ ጊዜ ሁሉ ጤናማ ሆኖ ከቈየ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታው በምራቁ አልነበረም ማለት ነውና።

ስድስት ቀን ቀርቶ ነበር። እናትና ልጅ በየማለዳው አብረው እየወረዱ ቡቺ ውኃ ይጠጣ እንደ ሆነ፣ እህል ይበላ እንደ ሆነ ከሩቅ ይመለከቱ ነበር። ለወራት ያልተነጋገሩትን በእነዚያ ማለዳዎች ተነጋገሩ። ከሌሊቶቹ በአንዱ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎን ሳለ፣ ባለቤታችን «አንተስ ያን ጠባሳ ለየኔታ ነግረህ ነበር?» ስትል ጠየቀችን። አልነገርንም። ከመንደር ያስቀሩናል፣ እንራባለን ብለን ፈርተን በደበሎአችን ሸፍነነው ነበር። የተረፍነውም በእግዚአብሔር ቸርነት እንጂ በጥበባችን አይደለም።

ዐሥረኛው ቀን ደረሰ፤ ቡቺም ጅራቱን እየቈላ ተቀበላቸው። ልጁ ክትባቱን ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ፈጸመ፤ ቡቺም ድመታችንም ተከተቡ። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ከመቶው 70 ያህሉ ቢከተቡ የበሽታው መተላለፊያ እንደሚቋረጥ ስለ ተረዳን፣ የግቢውን ጎረቤቶች አስተባብረን የሌሎቹንም ውሾች አስከተብን።

ባለቤታችን ከዚህ ሁሉ ያተረፈችው ግን ሌላ ነው። «ልጅ የሚወደውን ነገር እንነጥቀዋለን ብሎ ካመነ፣ ሕመሙን ይሸሽገናል» ትላለች። ስለዚህ በቤታችን አንድ ሥርዓት ቆመ፤ ጥፋቱን ራሱ የተናገረ ልጅ አስቀድሞ ይረዳል፣ ተግሣጹ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ወላጆች ሆይ፤ ውሻችሁን አስከትቡ፤ ልጃችሁም ቍስሉን ይዞ ወደ እናንተ ለመምጣት የማይፈራ ይሁን።