«ጠገብኩ» አለች አክስቴ

አክስቴ ዘንድሮ ከአሜሪካ መጥታ ሁለተኛውን ጉርሻ እንቢ አለች። «በቃኝ፣ ጠገብኩ» ስትል ቤቱ ጸጥ አለ። እቺ እኮ እኔ ራሴ «ሆዷን መግዛት አቃታት» እያልኩ የማማት ሴት ናት!

ምስጢሩ በሳምንት አንዴ የምትወጋው ሴማግሉታይድ የተባለ መድኃኒት ነው። ስንበላ አንጀታችን ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ለአንጎል «ይብቃ» የሚል መልእክት ያደርሳል፤ ምግብም ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያዘገያል። ችግሩ የተፈጥሮው በደቂቃዎች ውስጥ መፍረሱ ነው። መድኃኒቱ ግን እሱን መስሎ ለቀናት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ መድኃኒቱን የወሰዱ ሰዎች በ68 ሳምንት ውስጥ ከክብደታቸው በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። ነጻ ምሳ ግን አይደለም፤ ብዙዎችን ያቅለሸልሻል፣ ሲያቆሙትም ረሃቡ ይመለሳል፣ ከወረደው ኪሎም አብዛኛው።

«ድሮ እየበላሁ እንኳ የማስበው ስለሚቀጥለው ምግብ ነበር። አሁን ጭንቅላቴ ዝም አለልኝ» አለችኝ።

አፈርኩ። እኔ በጊዜ እጄን የምታጠበው ጎበዝ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔን ሰውነቴ ቀድሞ «በቃሽ» ይለኝ ኖሯል። እሷን ግን እንዲህ የሚላት አልነበረም። እኛ የነገርናት ደግሞ በሐሜት ነው።