ገዳሪፍ ሆኜ የጎንደርን ግብር ሳሰላ

ሐምሌ 1 አገር ቤት አዲስ በጀት ሲጀመር እዚህ ገዳሪፍ ሰው ማሽላ እየዘራ ነው፤ የሱዳን የበጀት ዓመት የሚከፈተው በፈረንጆቹ ጥር 1 ነው። ወንድሜ ከጎንደር ደውሎ የሚያወራኝ ስለ ግብር ብቻ ሆኗል። ከ1968ቱ አዋጅ ጀምሮ የኖረው የጣሪያና ግድግዳ ግብር በቤቱ ዋጋ በሚሰላ የንብረት ታክስ ሊተካ ነው፤ ፓርላማው ያጸደቀው ጥር 2017 ነበር። «የእማዬ ቤት ምን ቢያወጣ ምን አገባን? አንሸጠው!» ይላል። እውነቱን ነው፤ ጡረተኛ በቤቱ ዋጋ ጤፍ አይሸምትም።

እዚህ ገበሬው በዝናብ ካበቀለው ሰሊጥ ለዘካ የሚከፍለው አንድ አስረኛውን ነው፣ በመስኖ ከሆነ የዚያን ግማሽ። ምርት ሲያንስ ዘካውም ያንሳል። ይሄን ወድጄላቸዋለሁ።

የእኔን ቤት የሚያራቁተው ግን ውሃ ነው። በጀቱ ምንም ይበል ምን፣ የምንጠጣውን በአህያ ጋሪ ነው የምንገዛው። ባለጋሪው በር ላይ ቆሞ ዋጋውን ይናገራል፤ በጋ ሲሆን ይጨምራል፣ ደረሰኝ የለው፣ ይግባኝ የለው። ለባለጋሪው የምከፍለው ከየትኛውም የመንግሥት ክፍያ ይበልጣል። ሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ከካርቱም የተፈናቀለው ሁሉ ወደዚህ ጎርፏል፤ ባለጋሪው አሁን ቀብድ መቀበል ጀምሯል።