ነፍስ ያላወቀ ልጅ

«ነፍስ ያላወቀ ልጅ» እንላለን። ክፉና ደጉን መለየት ከማሕፀን ይዘነው የምንወጣው ሳይሆን ዘግይቶ፣ ቀስ እያለ የሚመጣ ነገር ነው ማለታችን ነው። ቤተ ክርስቲያንም ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ስታጠምቅ በሕፃኑ ፈንታ ቃል የሚሰጠው የክርስትና አባት ወይም እናት ነው።

ይሁን እንጂ አፋችን እንዲህ ይበል እንጂ አድራጎታችን ሌላ ነው። ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ዳቦ ይዞ ሲያይ መዳፉን ዘርግቶ «ለኔስ?» የማይል ማን አለ? ከሰጠ «እንደ አያቱ ቸር!»፣ ወደ ደረቱ ከሸሸገ «ወይ ስስት!» ይባላል። ፈተናው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ፍርዱ ግን ይቆያል፤ በሰፈራችን «ስስቴ» እንደተባለ ያረጀ ሰው ነበር።

ፈረንጆቹም በቤተ ሙከራ ፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የዬል ዩኒቨርሲቲዎቹ ካይሊ ሃምሊን፣ ካረን ዊንና ፖል ብሉም ለሕፃናት ትንሽ ትርኢት አሳዩ። ዓይን የተለጠፈበት ክብ እንጨት ዳገት ሊወጣ ይታገላል፤ አንዱ ቅርጽ ከኋላ ይገፋለታል፣ ሌላው ከላይ ቁልቁል ይመልሰዋል። ከዚያ ሁለቱ ቅርጾች ሲቀርቡላቸው ከ16ቱ የ10 ወር ሕፃናት 14ቱ፣ የ6 ወሮቹማ 12ቱም ረጂውን መረጡ። ሰው ሥነ ምግባርን ይዞ ይወለዳል የሚል ወሬ ዓለምን ዞረ።

በኋላ በልዩ ልዩ አገር ያሉ 37 ቤተ ሙከራዎች ተባብረው ሙከራውን ደገሙት። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ውጤት የተቆጠሩት ሕፃናት 567 ሲሆኑ፣ የረጂውንና የአደናቃፊውን ትርኢት ካዩት መካከል ረጂውን የመረጡት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሳንቲም ቢወረወርም ያው ነው።

እኔን ይህ አላስደነቀኝም። የመጀመሪያው ውጤት ቢጸና እንኳ ደጉን መውደድና ደግ መሆን ይገባል ብሎ ማወቅ ለየቅል ናቸው። የምታበላትን ሴት ድመትም ትወዳለች።

ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጅ «አውቆ ነው፣ ተንኮለኛ!» ብሎ የሚቆነጥጥ፣ ትንሽ ከፍ ሲልም በበርበሬ የሚያጥን ሰው ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው። ስኳር ሰረቅህ ተብሎ የታጠነ የሦስት ዓመት ልጅ አውቃለሁ። በማግስቱ ከስኳሩ ጣሳ አጠገብ ቁጭ ብሎ ጣቱን ይልሳል፤ ወደ ማድ ቤት ሲጠሩት ግን እየጮኸ ይሸሽ ነበር።